ሲጠሩት የማይመጣ

ጥቅምት 4
ጉበት ቀቅዬ ከተፍኩ። ለአጎቴ ውሻ፣ ለሻምበል። ቁራጩን አፍንጫው ላይ ይዤ ወደ ኋላ ስወስደው ቁጭ ማለት ነበረበት። ዘለለና ከነጣቴ ጎረሰው። ሻምበል ብሎ ስም ያወጣለት ማን ይሆን? ትእዛዝ መስጠት እንጂ መቀበል አያውቅም።

አጎቴ በረንዳው ላይ ሆኖ ሳቀ። እስከ ወሩ መጨረሻ ሲጠራው ካልመጣለት ለሰፈሩ መጋዘን ዘበኛ ይሰጠዋል። ዘበኛው ደግሞ ውሾቹን ቀንም ሌትም በሰንሰለት ነው የሚያስራቸው።

"ልጅም ውሻም ያለ ዱላ አይሆንም" አለኝ። ሆን ብሎ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የተባረርኩት ባልደረባዬ ልጅ የሚገርፍበትን ዱላ ቀምቼ ስለሰበርኩ ነው። ዛሬም ቢሆን እሰብረዋለሁ።

ጥቅምት 7
ቁጭ አለ። መሬት እንደነካ "ጎበዝ" ብዬ ሰጠሁት። ትንሽ ከዘገየሁ የሸለምኩት መነሳቱን ይመስለዋል... ክንዴ ዝሏል።

ጥቅምት 11
"ና" ስለው ከግቢው ጥግ እየበረረ ይመጣል። አጎቴን ጠርቼ ላሳየው ነበር። ይቆይ፣ ይጠንክርልኝ።

ጥቅምት 13
"ና" አልኩት። ጆሮውን ጥሎ መኪናው ስር ገባ። ጉበት ባሳየውም አልወጣ አለ። ምን ነካው?

አክስቴ ናት የነገረችኝ። ሻምበል የአጎቴን ጫማ አኝኮበታል። አጎቴ "ና የኔ ጌታ" እያለ አባብሎ ጠራው። መጣለት። በነጠላ ጫማ ቀጠቀጠው።

የስንት ቀን ልፋቴ ገደል ገባ። አጎቴ ላይ ጮህኩ። "ስጠራው መጥቷል፣ ሰልጥኗል ማለት ነው" አለኝ። ከግድግዳ ጋር ባወራ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 14
እኔንም ሲያባርሩኝ "ነይ እንነጋገር" ብለው ነው የጠሩኝ። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ቁልፍ አስረክቢ...

ሻምበል ልክ ነው። "ና" ከእንግዲህ አይሠራም። በፉጨት እጀምራለሁ። ከዜሮ።

ጥቅምት 20
ለፉጨቱ ይመጣል። ለእኔ ብቻ። አጎቴ ሳሎን ሆኖ ሲያስል እንኳ ይሸሻል። በንዴት አለቀስኩ፤ ውሻው አይቶኛል፣ ሌላ ማንም አላየኝም።

ጥቅምት 29
አጎቴ ግቢው መሃል ቆሞ "ና" አለ። ሻምበል መኪናው ስር።

"በቃ፣ ዘበኛው ይውሰደው።"

"ጋሼ፣ ጠርተው የመቱት እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ ጠርተው ያብሉት።"

"ለውሻ ልንበረከክ?"

"አዎ። ዘበኛው ከወሰደው እኔም ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ።"

አክስቴ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች። አጎቴ አየኝ፣ አየኝና ጉበቱን ከእጄ ነጠቀ። ቁጢጥ ሲል ጉልበቱ ቀጭ አለ። ለማፏጨት ሞከረ፤ ነፋስ ብቻ ወጣ። ሻምበል አፍንጫውን አወጣ፣ አንድ እርምጃ መጣ፣ ተመለሰ። አጎቴ ተነስቶ ቤት ገባ። ዘበኛውን ግን አልጠራም። እኔም ሻንጣ አላወረድኩም።

ኅዳር 3
ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀመጥኩት ጉበት ጎድሏል። ማን በላው ብዬ አክስቴን ልጠይቅ ስል በመስኮት አየሁት።

አጎቴ መኪናው አጠገብ ቁጢጥ ብሏል፣ መዳፉን ዘርግቶ። ፉ... ፉ... አሁንም ነፋስ ነው። ነጠላ ጫማውን በር ውስጥ ትቶ፣ በባዶ እግሩ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ። ሻምበል ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል፣ አንድ እግሩን አንስቶ።

በሩን ከፍቼ፣ ላግዝዎት ወይ ጋሼ፣ አልኩ።

ዞር ብሎም አላየኝ። "ዝም በይ" አለ በሹክሹክታ፣ "ታስደነግጪዋለሽ።"