ከበሮው ሳይሰማ የማይፈረም ኑዛዜ

እኔ ጎበና በዳዳ፣ በየካ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ዳገት የምኖር፣ የዳገቱ የዘፈንና የጨዋታ ማኅበር መሥራችና ሊቀመንበር፣ ዛሬ ኅዳር ፳፭ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓመተ ምሕረት፣ ሰውነቴ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይጎድል ይህን ኑዛዜ በምስክሮች ፊት ተናገርሁ፤ እየተናገርሁም በገዛ እጄ ጻፍሁ።

አእምሮዬ ሙሉ ለመሆኑ ማስረጃ የሚሻ ካለ፣ ምስክር ሆኖ አጠገቤ የተቀመጠው ባለሱቁ ሙዘይን ለልጁ ሠርግ የተዋሰኝን ትልቁን ድስት እስከ ዛሬ እንዳልመለሰ አስታውሳለሁ። «ድስቱማ ተመልሷል» ይላል አሁን። የተመለሰው ክዳኑ ነው። ይህም ይጻፍ።

ስለ ምን ጸሐፊ እንዳልጠራሁ ልናገር። አባቴ በዳዳ መሬቱን ሲናዘዝ ጸሐፊው ከወንዙ ወዲህ ያለውን ከወንዙ ወዲያ አድርጎ ጻፈና ወንድሞቼና እኔ ስንካሰስ አረጀን። ስለዚህ በሽምግልናዬ ማታ ማታ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ፊደል ቆጠርሁ። መምህሩ «ጋሼ ጎበና፣ እንደ እርስዎ ቶሎ የገባው ሰው አላየሁም» ብሎኛል። ለሌሎችም እንዲሁ ይል እንደ ሆነ አጣራሁ፤ ይላል። ለእኔ ግን ጮክ ብሎ ነው ያለው።

የምኖርበት ቤትና ላሚቱ ለባለቤቴ ለሎሚ ይሁኑ። በጎልማሳነቴ ስጨፍር ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ፣ «እግርህ ከከበሮው ይቀድማል» ብላ የነገረችኝ እርሷ ብቻ ናት። በማግስቱ ሽማግሌ ላክሁ።

እንጦጦ ላይ ያለኝ ባሕር ዛፍ ለልጄ ለከበበ ይሁን። ነገር ግን ተዝካሬ ሳይወጣ አንድ ግንድ እንዳይቆርጥ። ከበበ ግርጌዬ ተቀምጦ «አባባ፣ እኔ ደግሞ መቼ ልቁረጥ አልኩዎት?» ይላል። አላልህም ልጄ። መጥረቢያው ግን ተስሎ ከበር ኋላ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ታመምሁ እንጂ አልታወርሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የማኅበሩ አዳራሽ የቆመው ከቤቴ ዝቅ ብሎ በእኔ መሬት ላይ ነው። ምሰሶውን ግን ወንዶቹ ከእንጦጦ በትከሻቸው አወረዱት፤ ሴቶቹም ጭቃውን አቡክተው መረጉት። እኔ ሳልናዘዝ ብሞት መሬቱ ለከበበ ያልፋል፤ ግድግዳውም መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል። ያን ጊዜ ማኅበሩ ለጥምቀት የሚለማመድበት ጣራ አይኖረውም፤ ጣራ ያጣ ማኅበርም ሁለተኛ ክረምት አያይም።

ይህን ማኅበር ከተመሠረተ ጀምሮ የመራሁት እኔ ነኝ፤ የሚተካከለኝም አልተገኘም። ምርጫ በየዓመቱ ይደረጋል። «ጎበና ይቀጥል፤ የሚቃወም አለ?» እላለሁ፤ ወዲያው ከበሮውን እመታለሁ። ሲቃወም የሰማሁት ሰው የለም። ቱሉ እንጨት ነጋዴው፣ እርሱም ዛሬ ምስክር ነው፣ «እኔ ተቃውሜ ነበር እኮ» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ከበሮው ጥሩ ከበሮ ነው።

የማኅበራችን ልማድ ትልቁ ከበሮ በሊቀመንበሩ ቤት እንዲያድር ነው። አዳራሹ በር ባልነበረው ጊዜ የተጀመረ ልማድ ነው፤ በር ከተገጠመም በኋላ በእኔ ምክር ጸና። በእኛ ዳገት ሊቀመንበሩ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከበሮው የት አደረ ነው የሚባለው።

በጥቅምት በሽታው ሲጥለኝ የማኅበሩ ጸሐፊ ሀብተወልድ መጣ። ከተማ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ፣ ከረባት የሚያስር፣ «ሊቀመንበር» የሚለውን ስም ንቆ «ዳይሬክተር» ይባል የሚል ሰው ነው። እኔ ተኝቼ ሳለሁ ሎሚን «እትዬ፣ ይህ ቤት ለቆዳው እርጥበት አለው፤ እኔ ዘንድ ፀሐይ ይምታው» ብሎ ከበሮውን ወሰደ። እርሷም የዋህ ናት፣ ሰጠችው። ፀሐይ ቀን ነው የምትወጣው፤ ከበሮው ግን እዚያ ማደር ጀመረ። ሳምንት ሳይሞላ ልጃገረዶቹ እርሱን ሲያዩ ብድግ ይሉ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ሰዎቹን የምፈትንበት ብልሃት ፈጠርሁ። ከበበን፣ ሀብተወልድንና ዘፋኛችንን ኢፍቱን ለየብቻ አስጠርቼ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቃል ነገርሁ። «አዳራሹን ላንተ ብቻ አወርስሃለሁ፤ ለማንም እንዳትናገር።» ኢፍቱን ከሁሉ አብልጬ ጠረጠርኋት፤ እየመጣች ስትጠይቀኝ ምንም ለምናኝ አታውቅምና። ምንም የማይፈልግ ሰው ምን እንደሚፈልግ በምን ይታወቃል?

ከበበ ምስጢሩን ጠበቀ። ከሾላ ገበያ አንድ የእህል ነጋዴ አምጥቶ የአዳራሹን ወለል ለጎተራ ይስማማ እንደ ሆነ በመዳፉ አስዳሰሰው። ሀብተወልድም ጠበቀ፤ ጠረጴዛ አስመጥቶ ከበሮ መቺዎቹ በሚቆሙበት ቦታ ላይ ዘርግቶ ተቀመጠ። ኢፍቱ ግን እሑድ ልምምድ ላይ በሁሉ ፊት ቆማ እንዲህ አለች፤ ቱሉ ነው የነገረኝ። «ጋሼ ጎበና አዳራሹን ለብቻሽ አወርስሻለሁ፣ ለማንም አትንገሪ ብለውኛል። እኔም ለማንም አልነገርኩም፤ ለሁላችሁ ነው የምናገረው። ጭቃውን አብረን ነው ያቦካነው፤ ብቻዬን ምን ላደርገው ነው? ዘፍኜ ራሴ ልቀበል?»

ስሰማ ተናደድሁ። «አንዲት ምስጢር እንኳ መያዝ አትችልም» አልሁ። ሎሚ ሳቀችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ የሁሉ የሆነውን ዕቃ ምስጢር ለማትይዝ ሰው ካልሰጠህ ለማን ልትሰጥ ነው?» አለችኝ። ይህን ቃል የእኔ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ሙዘይን ተቀምጦ ሰምቷል።

ስለዚህ እንዲህ ተናዝዣለሁ። አዳራሹ ከነመሬቱ ለማኅበሩ አባላት ሁሉ በአንድነት ይሁን። አይሸጥ፤ እህል አይግባበት፤ ለአንድ ሰው ብቻ ርስት አይሁን። ከበበ ሆይ፣ በዚህ ብትከፋ ባሕር ዛፉን እያየህ ተጽናና።

ወንበሩን ለማንም አልናዘዝሁም፤ ወንበር የሟች ንብረት አይደለም። አባላቱ ይምረጡ። ሲመርጡ ግን ከበሮ መቺ ሁሉ እጁን ከብብቱ ያግባ። እስኪመርጡ ድረስ የበሩን ቁልፍ ኢፍቱ ትያዝ። እርሷንም ቢሆን አላምናትም፤ ስለዚህ ልምምድና ስብሰባ በተከፈተ በር ይሁን፣ መንገደኛውም ይይ።

ትልቁ ከበሮ ከእንግዲህ በማንም ቤት አይደር፤ በአዳራሹ መካከለኛ ምሰሶ ላይ ይሰቀል። በበዓልም አንድ ጊዜ የአማርኛው ዘፈን ይቅደም፣ አንድ ጊዜ የኦሮምኛው። በዚህ የሚጣላ ካለ እኔ በሁለቱም መሳደብ የምችል ሰው እንደ ነበርሁ ያስታውስ።

እዚህ ላይ ስደርስ ሦስተኛዋ ምስክር ጎረቤቴ ወለተጊዮርጊስ «ከበሩ ሥር ጫማ ይታየኛል» አለች። የተወለወለ ጥቁር ጫማ በዳገታችን የአንድ ሰው ብቻ ነው።

«ሀብተወልድ፣ ግባ» አልሁ።

«ልጠይቅዎት ነበር ጋሼ፤ ገና አሁን መድረሴ ነው» አለ። ዶሮዎቹ ግን ለምደውት እግሩ ሥር ይለቅሙ ነበር።

አራተኛው ምስክር ሹፌሩ ይማም መኪናው ተበላሽቶበት ቀርቷል። «እንኳን መጣህ፤ ምስክር ጎድሎናል» አልሁት። ሙዘይንም ሳቁን ለማፈን ከንፈሩን እየነከሰ «ምስክር የሆነ ሰው ከኑዛዜው ለብቻው አይወርስም፤ በፊርማው ያጸናውንም ነገ ሐሰት ነው አይልም» አለ።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ ለእንዲህ ያለ ቁም ነገር...»

«እምቢ ማለት ትችላለህ። እኔም ሀብተወልድ ለመፈረም ለምን እንደ ፈራ አላወቅሁም ብዬ እጽፋለሁ። መጻፍ ተምሬአለሁ።»

ተቀመጠ። ብዕሬን ግን አስቀመጥሁና፣ ከበሮው ከሀብተወልድ ቤት ወጥቶ፣ አዳራሹ ገብቶ፣ ተመትቶ ሳልሰማ አልፈርምም አልሁ። ሀብተወልድ የቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ፤ ግቢ ቆማ የነበረችው ኢፍቱ ተቀብላው ሄደች።

ቆየች። ሳሉ ያዘኝ። ሎሚ «ፈርመህ ዕረፍ እንጂ፣ ትንፋሽህ እያጠረ ነው» አለች። ከበበ ደግሞ «ካልፈረሙም እኮ ምንም አይደለም አባባ» አለ። ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። ብዕሩን አንሥቼ አጥብቄ ያዝሁ።

በመጨረሻ ተሰማ። የዚያ ከበሮ አንዱ ፊት ድምፁ ሻካራ ነው፤ እንጦጦ ላይ በብርድ ቀን ቆዳው እንዲወጠር እሳት አስጠግቼው ጥቂት ስለ ለበለብሁት፣ በሌላ ከበሮ ሊያታልሉኝ አይችሉም። ሻካራው ፊት ተመታ። ቀጥሎ ጥሩው። ቀጥሎ የሰዎች ጭብጨባ መጣ፤ በሩን ክፍት አድርጋዋለች ማለት ነው።

ይህን ኑዛዜ የሚያፈርስ ሰው በሠርጉ ቀን ዘፋኝ ይጣ፤ በቀብሩም ቀን አልቃሽ ይጣ።

ተናዛዥ፦ ጎበና በዳዳ። በፊደል ፈረምሁ፤ የጣት አሻራ አይደለም።

ምስክር፦ ሙዘይን። ድስቱን ነገ አመጣለሁ ብሏል።

ምስክር፦ ቱሉ። አልተቃወመም፤ ዛሬ ሰምቼዋለሁ።

ምስክር፦ ወለተጊዮርጊስ።

ምስክር፦ ሀብተወልድ። ፊርማው ያማረ ነው። ፊደል በፊደል አንብቤ የራሱ ስም መሆኑን አረጋግጫለሁ።