ጠዋት ጠዋት አንድ

ቅዳሜ፣ የካቲት 22 ቀን 2000 ዓ.ም.

የፍኖተ ሰላም ገበያ ቀን። ጤና ጣቢያው በበሽተኛ ጢም ብሎ ዋለ፤ ቆሜ ሳክም እግሬ አብጧል። ቄስ ላቀው ከማንኩሳ ገጠር መጡ። የእናቴ ወንድም፣ የነፍስ አባቴም ናቸው።

"ራሴን ይፈልጠኛል፣ አንቺ ልጅ" አሉኝ። ለካኋቸው... የደም ግፊታቸው ጣሪያ ነክቷል። በዚያ ሁሉ ቅጥነታቸው! ባለፈው ወር ቡሬ ላይ ያሠለጠነን የአዲስ አበባ ሐኪም ግፊትና ስትሮክ የሚሉት የአንጎል ምት ከአካባቢ አካባቢ ይለያያል፣ ከተማው ላይ ይበረታል ብሎን ነበር። እኔም ገጠሩን አይነካም ብዬ ይዤው ኖሯል።

ኪኒን ሰጠኋቸው። "ጠዋት ጠዋት አንድ።"

"ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ቀዳሽ ነኝ እኮ..."

"ጠዋት ነው አልኩዎ፣ አባቴ!"

ሰልፉ ረጅም ነበር። ምርቃታቸውን እንኳ አላስጨረስኳቸውም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ቄስ ላቀው ተመልሰው ይለኩ ብያቸው ቀሩ። ደህና ቢሆኑ ነው... አይደል?

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ወደቁ። ትናንት ከቅዳሴ ሲወጡ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፤ አፋቸው ተጣሟል። ሰፈሩ "ምች ነው" ብሎ ዳማከሴ ሲያሽ አድሮ ዛሬ በቃሬዛ አመጣቸው።

ሚስታቸው እትዬ አቻምየለሽ ኪኒኑን ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሰጡኝ። አንድም አልተነካም።

"ቅዳሴ የሚወጣው በዘጠኝ ሰዓት። ጠዋት ውሃ እንዴት ይቅመሱ? ከፋሲካ በኋላ እጀምረዋለሁ አሉ።"

"ማታ ቢውጡት ይሆን ነበር እኮ!"

"እኛ በምን እንወቅ፣ ልጄ? ጠዋት ብለሽ የለ?"

አዲስ አበባ ስማር በሽተኛው ሁሉ ቁርስ ይበላ ነበር። እዚያ የያዝኩትን ቃል እንዳለ አምጥቼ ለቀዳሽ ሰጠሁ። እኔ፣ የማንኩሳ ልጅ! ሌላው ቢሳሳት ይሁን...

እሑድ፣ መጋቢት 28

እንቅልፍ የለም። ነገሩኝ እኮ... "ቀዳሽ ነኝ" አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ይበሉኝ?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

አሁን ኪኒን ከመስጠቴ በፊት "እህል የሚቀምሱት ስንት ሰዓት ነው?" እላለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል።

ዛሬ ማንኩሳ ሄድኩ። ቄስ ላቀው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። መቀደስ ቀርቷል። ቃላቸው ይጎተታል፤ ግን ይሰማል።

"ኪኒኑ... ማታም ይሆናል አሉ?"

"ይሆናል።"

"ያኔስ?"

የፈራሁት መጣ። መዋሸት እችል ነበር።

"ያኔም ይሆን ነበር፣ አባቴ። ቸኩዬ ነው ያልነገርኩዎ። ይፍቱኝ።" ተንበረከክሁ።

"እግዚአብሔር ይፍ..." ብለው ምላሳቸው ተያዘ።

በግራ እጅ አይባረክም። የማይታዘዘውን ቀኝ እጃቸውን በግራቸው አንስተው ራሴ ላይ አኖሩት። ከበደኝ።