የባባ ጥርስ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለናኦድ። ከዶሃ ወበቅ መሀል ናፍቆቴ ይድረስህ፤ እኔ ክብር ለጌታ ደህና ነኝ።

የጥርስ ሕክምና ልማር ነው ስትለኝ የጠዋት ሥራዬ ታወሰኝ። የአሠሪዬ የማዳም አባት፣ ባባ፣ አንድም ጥርስ የለውም። ጠዋት ጠዋት ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ከነለሐጩ መዳፌ ላይ ያስቀምጠዋል፤ የማታው ሩዝ ተጣብቆበት ይገማል። ትንፋሼን ይዤ እፍቃለሁ። አንተ ግን ወደህ፣ ዕድሜ ልክህን የሰው አፍ ልታሸት ነው?

«እማዬን ጥርሷን አሟት፣ ፊቷ አብጦ ስትሞት ስላየሁ ነው» አልከኝ። እሺ፣ ተማር።

ሳልረሳው፣ የመንጋጋ ጥርስ መግል ይዞ ጉንጭ ሲያሳብጥ በምን ይታጠባል? ማዳም ሐኪም ቤት ኢንሻአላህ ከዒድ በኋላ ብላለች። የምጠይቅህ ለባባ ነው።

በቪዲዮ አትደውልልኝ፤ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል። ጌታ ይጠብቅህ።

የምትወድህ እህትህ ጌጤነሽ