ስም ያልተጻፈባት እንቁላል

ለምወድሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን አቋርጦ ማርሴይ ይድረስሽ። አንቺም ባልሽም ደህና ከርማችኋል? እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው የጎደለኝ። እማዬም «ደህና ናት በያት» ብላኛለች።

የምኩራባችን የግሪባ በዓል አለፈ። ዘንድሮ እማዬ መሄድ ስላልቻለች እንቁላሏን ለእኔ ሰጥታ ላከችኝ። «ስምሽን አጉልተሽ ጻፊባት፤ እዚያ በሻማው ሙቀት በስላ ስትበያት፣ ዓመት ሳይሞላ ከዚህ ቤት የሚያወጣሽ ባል ይመጣል» አለችኝ። እርሳሱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እኔ ከወጣሁ እሷን ማን አንስቶ ያስተኛታል? የማልፈልገውን መለመንም ፈራሁ፤ እንቁላሏን ባዶዋን ይዣት ሄድኩ።

ጫማዬን አውልቄ ምኩራቡ ውስጥ ስገባ ጎረቤታችን እትዬ ራብሒያ ከሴቶቹ መሀል ሆና «ነይ እንጂ! ከአንቺስ እንቁላሏ ትናገራለች» ብላ ሳቀችብኝ። ከኦሪት ማስቀመጫው ሥር፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንቁላል የሚቀበሉት ጋሽ ጋጉ ደግሞ አገላብጠው አዩዋት። «የማን ናት?» አሉኝ። ዓይኔን ወደ ሻማዎቹ መለስኩ። «እንግዲያው ለምኩራቡ ባለቤት ለግሪባ፣ ለእንግዳዪቱ ልጅ ትሁና! እሷም እስካሁን ባል አላገኘች» ብለው ሴቶቹን ሁሉ አሳቁብኝ።

ወንዶቹ የሚያወሩት ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል ካህናቱ ከኢየሩሳሌም ይዘውት ስለመጡት ድንጋይ ነው። ምኩራቡ የቆመው በእሱ ላይ ነው ይላሉ። እኔ ግን የማስበው ምኩራቡ በስሟ የተጠራላትን እንግዳዪቱን ልጅ ነው። ብቻዋን ትኖር ነበር። ጎጆዋ ሲነድ እያዩ፣ ጠንቋይ ናት ብለው ማንም አልቀረባት። ሲነጋ ሞታ አገኟት፤ እሳቱ ግን ገላዋን አልነካም። ይኸው ዛሬ ከየአገሩ መጥተው ይለምኗታል። በሕይወት ሳለች አንድ ሰው እንኳ «እንዴት አደርሽ?» አላላትም።

ጉድጓዱ ውስጥ የሚበራው ሻማ በሙቀቱ ያበሰላትን እንቁላል ይዤ ተመለስኩ። የእማዬ ዓይን ደክሟል፤ ስም እንደሌለባት አላየችም። ራሷ ልጣ አጎረሰችኝና «እፎይ፣ አሁን ይበቃኛል» አለች። ዋጥኩላት። እሷ ምንም አልቀመሰችም። ሰሞኑን በጣም ቀልላለች፤ ብቻዬን ነው የማነሳት።

ቀሚስ ልላክልሽ ወይ ላልሽው፣ ምንም አትላኪ። ከአንቺ ዘንድ የሚመጣው መርከብ በየሳምንቱ አለ ይባላል። «ለከርሞ በዓል እመጣለሁ» ብለሽ የጻፍሽውን ለእማዬ አነበብኩላት። «ለከርሞ?» ብላ ፈገግ አለች።

የአባቶቻችን አምላክ ባሕሩን ጸጥ ያድርግልሽ፤ በሰላም ያምጣሽ።

ታናሽ እህትሽ