የመጀመሪያው ሳምንት ገለምሶ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ኮሌጅ ገብቼ አስተማርኩ። እሺ፣ ተማሪዎቹን አይደለም፤ አስተማሪያቸውን ነው። እሱም ትንሽ።

ማታ ማታ ፊደል ያስቆጠረችኝ መምህርት ሰዓዳ ቀን የምትሠራው እዚህ ጭሮ ኮሌጅ ነው። አዲስ የምርት ግብይት ኮርስ እያዘጋጀች ነው። ነገ ከሰዓት ለኃላፊዋ ታቀርባለች፤ ካልወደደው ኮርሱ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ለገበያ ጫት ሳስር ስለኖርኩ «ያማክሩኝ» ብላ ጠራችኝ።

ዕቅዱን አነበብኩት፤ ራሴ ወላሂ! ተማሪዎቹ ገበያ የሚወጡት በመጨረሻው ሳምንት ነው።

«አቦ መምህርት፣ እኔን የመጀመሪያው ማታ ምን አስጻፍሽኝ?»

«ስምዎን ነዋ፣ ጋሽ ጀማል።»

«መጀመሪያ ሀሁን ይጨርሱ አላልሽኝም። ታዲያ እነዚህን ለምን ታስጠብቂያቸዋለሽ?»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ከመጨረሻው ሳምንት ሰረዘችና ገበያውን አንደኛ ሳምንት ላይ ጻፈችው። ደረቴ ተነፋ።

«ግን ተማሪ የሚቀበል ነጋዴ ከየት ላምጣ? ኃላፊዬ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው።»

«ገለምሶ ገበያ ሐጂ ኡመር የሚባሉ የጫት ነጋዴ አሉ። እሺ ብለውኛል።»

«አዳኑኝ!» አለችና ስማቸውን ዕቅዱ ላይ አሰፈረችው።

ለሁሉ ነገር ወላሂ የምለው ሰውዬ እዚያች ቃሌ ላይ ግን አላልኩም፤ ልብ ብትለኝ ኖሮ ትነቃብኝ ነበር። ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ገለምሶ ወርጄ ተማሪ የሚቀበል ነጋዴ መፈለግ አለብኝ። ባገኝም ስሙ ሐጂ ኡመር መሆን አለበት። ሐጂ ኡመርን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ እዚያው ቢሮዋ ተቀምጬ።