ለጣሪያችን የተባለው ድጎማ

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ። ጤናዎ እንደምን ከርሟል? እኛ እርስዎን ከመናፈቅ በቀር ደህና ነን።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ወገቡ ተሽሎት ከአልጋ ተነሥቷል፤ ልጁም በሰላም ተገላግላለች። ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት ካስተከለ ወዲህ፣ መብራት ሲጠፋ እኛ ክብሪት ስንዳብስ እሱ የስፌት መኪናውን ያንኳኳል። «ፀሐይዋ እኮ ያንቺንም ጣሪያ ትመታለች፣ ምን ያሰንፍሻል?» እያለ ይተርበኛል።

ዋጋውን ስሰማ ራሴን አዞረኝ። ግማሹን መንግሥት ይሸፍናል ሲሉኝ ግን ልቤ መለስ አለ፤ የቀረውን ሻይ እየሸጥኩ ቀስ በቀስ እከፍላለሁ። ድጎማው የሚሰጠው ታዲያ ባለቤቱ ቤቱን አምስት ዓመት እንደማይሸጥ ቃል ከገባ ነው። ልጆቼን የወለድኩበት ቢሆንም ቤቱ በስምዎ ነውና ቃሉም የእርስዎ ነው። በስልክ ስጠይቅዎ «ቆይ፣ አትቸኩዪ» ብለውኛል። አልቸኮልኩም። ጣሪያው ላይ የረገፈውን ቅጠል ብቻ ጠረግሁ፣ የላላውን ቆርቆሮ አስመታሁ። የድጎማው ምዝገባ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል ስለተባለ ነው እንጂ እኔስ ምን ያጣድፈኛል።

እንግዲህ ፈጣሪ በደህና ያገናኘን። ልጆቹን ይሳሙልኝ። እህትዎ።

ልረሳው ነበር፤ ትናንት እርስዎ የላኳቸው ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። የፀሐዩ ባለሙያዎች መስለውኝ፣ እርስዎ እሺ ብለውልኛል ብዬ በደስታ መሰላል አቀረብኩላቸው። እነሱ ሜትራቸውን ዘርግተው ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር ለኩ። «ጣሪያውንስ አታዩትም?» ብላቸው አንደኛው ፈገግ ብሎ፣ «ተዪው እናቴ፣ ጣሪያው አይፈለግም» አለኝ።