ሰላምታ የበላው አንድ ደቂቃ

ውድ ወንድሜ ኦሪን፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደኅና ነን። ላሞቹ ወልደዋል፤ ዊላን ብቻ ትንሽ ጉንፋን ይዟታል።

ያ የነገርኩህ የሕግ ረቂቅ፣ እንደ ልጄ እንደ ዊላ ጾታቸውን የቀየሩ ልጆችን ሐኪም እንዳያክማቸው የሚከለክለው፣ ማክሰኞ የግዛታችን ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ለተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ይሰጣል ስለተባለ፣ ከጎረቤቴ ከማርቪስ ጋር በእንቁላል መቀቀያ ሰዓቷ ሳምንት ሙሉ ተለማመድን። አራት ሰዓት ነድተን ሄደን ቀኑን ሙሉ ወረፋ ጠበቅን። ተራዬ ሲደርስ ሰብሳቢው “ጊዜ የለንም፣ አንድ ደቂቃ ብቻ!” አይለኝ መሰለህ! እኔ ሞኟ ደግሞ እናታችን እንዳሳደገችን ከሰላምታው ጀመርኩ። ሰብሳቢውን አመሰገንኩ፣ አባላቱን አመሰገንኩ፣ ስለ በረዶውም አወራሁ። የዊላን ስም ሳልጠራ ማይኩን ዘጉብኝ። ረቂቁንም አሳለፉት።

ማርቪስ መኪና ውስጥ “አንቺ ሴትዮ፣ ልትመርቂያቸው ነው እንዴ የመጣሽው?” አለችኝ። ሳቅን፤ እኔ ግን ያልተናገርኩትን ንግግር መንገዱን ሙሉ ለራሴ ስደግም መጣሁ።

 ዊላን ለምግብ ስጠራት “በልቻለሁ” ትላለች። ቆልፋ ስትቆይብኝ በራሷ ላይ ክፉ እንዳታደርግ ፈርቼ የመታጠቢያ ቤቱን መቀርቀሪያ ነቀልኩት። አባቷ “ደኅናውን መቀርቀሪያ ምን አደረገሽ?” ቢለኝ፣ ዝጓል አልኩት።

ይኸው ለአንተም ሰላምታ ሳበዛ ወረቀቱ አለቀ። እናንተ ግዛት እንዲህ ያለ ሕግ የለም አሉ። ፎቅ ላይ ያለችው ክፍልህ አሁንም ባዶ ናት?

ልጆቹን ሳምልኝ። መልሱን በደብዳቤ አትላክ፤ ደውልልኝ።

እህትህ ቨርሊን